ከዘፋኙ ጀርባ የቆመው እጅ፦ ሙላቱ አስታጥቄና የወሎ ቅኝት

(የከበሮ ድምፅ ብቻውን ለጥቂት ጊዜ ይሰማል፤ ንግግሩ ሲጀምር ቀስ እያለ ይጠፋል።)

 በአቀስታና በመካነ ሰላም፣ በሳይንትና በከላላ፣ በወግዲና በጃማ ያላችሁ የወሎ አድማጮቻችን፣ ከሙዚቃ ትምህርት ዝግጅታችን ጋር ናችሁ።

የዛሬው ዝግጅት ስለ አንድ ሙያና ስለ አንድ ሰው ነው። ሙያው የአጃቢነት ነው። ሌላው ሲዘፍን ከኋላ ቆሞ ከበሮ፣ ኮንጋ፣ ድራም ወይም ሌላ የሚመታ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ሙያ። ሰውየው ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ ነው። መምታትን፣ ማቀናበርንና ዜማ መድረስን በአንድ ሰው ሥራ ውስጥ ማሳየት ከፈለግን ከእሱ የተሻለ ምሳሌ በአገራችን አናገኝም።

አንድ ዘፈን ስትሰሙ ልብ ብላችሁ የምትከተሉት የዘፋኙን ድምፅ ነው። ቀጥሎ ግጥሙን ትይዛላችሁ። ካስታወሳችሁ ክራሩን ወይም ሳክስፎኑን ታነሳላችሁ። እግራችሁ ግን ከሁሉም ቀድሞ የያዘው ከበሮውን ነው። ያንን ከበሮ የመታው ሰው ማን እንደሆነ ብትጠየቁ ብዙዎቻችሁ አታውቁም፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። በአሮጌ ሸክላዎች ላይ ብትፈልጉም የዘፋኙና የባንዱ ስም ተጽፎ የመቺው ስም የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

በየቀረፃው እየተጠራ የሚጫወት መቺ ዛሬ ለትዝታ፣ ነገ ለጉራግኛ፣ ከነገ ወዲያ ለሠርግ ዘፈን ይጠራል። ስቱዲዮ ሲገባ ዜማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሰማው ይችላል። ሰምቶ ወዲያውኑ ልኩን መያዝ አለበት። የት ጠንክሮ እንደሚመታ፣ የት እንደሚያለዝብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የት እጁን እንደሚሰበስብ ማወቅ አለበት። እኔ በበኩሌ የመቺን ችሎታ የምለካው በዚህ በመጨረሻው ነው። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ያንን ክፍተት ሳይሞላ መተው የሚችል መቺ ሙዚቃውን በሙሉ እየሰማ ነው ማለት ነው። ሙዚቃውን በሙሉ የሚሰማ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ አቀናባሪ መሆኑ አይቀርም።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር። የኛን አቆጣጠር ስጠቀም እነግራችኋለሁ።

ስለ ሙላቱ ከመናገሬ በፊት እናንተው ዘንድ ካለው እውቀት ልነሳ። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ከእንጨት ተፈልፍሎ ይሠራል። ሁለቱም አፎቹ በከብት ቆዳ ይሸፈኑና ቆዳው በጠፍር ይወጠራል። አንዱ አፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው፤ ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። መቺው ከበሮውን አንገቱ ላይ አንግቶ በሁለቱ እጆቹ እነዚህን ሁለት ድምፆች ያነጋግራቸዋል። በክረምት ጉም ሲወርድ ቆዳው ይላላል፤ ድምፁም ይታፈናል። ያን ጊዜ ከበሮው ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ይቀመጣል፤ ሲሞቅ ይወጠራል። የአቀስታን ብርድ የሚያውቅ ከበሮ መቺ ይህን ከእኔ የተሻለ ያስረዳችኋል። ኮንጋ የሚባለው የኩባ ከበሮ በዙሪያው የሚጠብቁ ብሎኖች ያሉት ለዚሁ ነው፤ ቆዳውን በፈለጉት መጠን ለመወጠር።

ማኅሌት የቆማችሁ ደግሞ ይህን አስታውሱ። አንዱ ዜማ መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ይዜማል። ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል። ከዚያ መረግድ ሲደርስ ከበሮና ጽናጽል ይገባሉ፤ በመጨረሻ በጽፋት ይፈጥናል፤ ጭብጨባውም ይደምቃል። ዜማው ያው ነው፤ የሚለዋወጠው የሚገባው መሣሪያና ፍጥነቱ ነው። በዘመናዊ ሙዚቃ ቅንብር የሚባለው ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም። የትኛው መሣሪያ መቼ ይግባ፣ መቼ ይውጣ፣ ዜማው የት ይረጋጋ፣ የት ይሩጥ የሚለውን መወሰን ነው። ይህ ውሳኔ በኛ አገር በማኅሌት ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል።

በመንዙማውም ቤት እንዲሁ ነው። አውጪው ያወጣል፤ ተቀባዩ በጭብጨባ ይቀበላል፤ ድቤው ሁለቱን ያስተሳስራል። እነ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር መንዙማ በደረሱበት በወሎ፣ በጀማ ንጉሥ መውሊድ በሚከበርበት በወሎ፣ ድቤ መቺው ጀማዓውን ቀስ በቀስ ከእርጋታ ወደ ግለት የሚወስድ ሰው ነው። ሩጫውን አንድ ጊዜ ከለቀቀው መመለሻ እንደሌለው ያውቃል፤ ስለዚህ ይቆጥባል። በአንድ ሠርግ ላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ በሚጨፍርበት በእናንተ አገር እነዚህ ሁለት የአመታት ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ኖረዋል። ስለዚህ የሙላቱን ታሪክ የምነግራችሁ ከሩቅ እንደመጣ እንግዳ ወሬ አይደለም።

ሙላቱ በ1943፣ በእኛ 1936 ዓመተ ምሕረት፣ ጅማ ተወለደ። ቤተሰቦቹ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለትምህርት ወደ ብሪታንያ ላኩት። የተላከው መሐንዲስ እንዲሆን ነበር። ሬክሳም በምትባል የዌልስ ከተማ አጠገብ በሚገኘው ሊንዲስፋርን ኮሌጅ ሲማር ግን ዝንባሌው ወደ ሙዚቃ መሆኑ ታየ። ከዚያ ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ። በዚያን ጊዜ ለንደን ውስጥ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከካሪቢያንና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ሙዚቀኞች በየክበቡ የአገራቸውን ምት ይጫወቱ ነበር። ወጣቱ ኢትዮጵያዊ ይህን ሁሉ እየሰማ አንድ ጥያቄ ያዘ። የእነሱ ሙዚቃ በዓለም መድረክ ሲሰማ የእኛ ለምን አይሰማም? ዕድሜ ልኩን የሠራው ለዚህች ጥያቄ መልስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከለንደን ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ቦስተን የሚገኘው የበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ተማሪ እሱ ነበር። እዚያ ቫይብራፎንና ሌሎች የሚመቱ መሣሪያዎችን አጠና።

ቫይብራፎን ምን ዓይነት መሣሪያ ነው? ለብዙዎቻችሁ አዲስ ሊሆን ስለሚችል ትንሽ ልቆይበት። እንደ ፒያኖ ቁልፎች በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ጠፍጣፋ ብረቶች አሉት። አብዛኛውን ጊዜ ብረቶቹ 37 ናቸው። ከእያንዳንዱ ብረት ሥር ድምፁን የሚያጎላ ቱቦ አለ፤ በቱቦው አፍ ላይ በሞተር የሚዞር ትንሽ ክዳን አለ። ክዳኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁ ይርገበገባል። ከታች በእግር የሚረገጥ ፔዳል አለው፤ ሲረገጥ ድምፁ ሳይቋረጥ ይዘልቃል፣ ሲለቀቅ ይቆማል። ተጫዋቹ ቆሞ፣ ጫፋቸው በክር በተጠቀለለ መምቻዎች ብረቱን ይመታዋል። እንግዲህ ይህ ከበሮም ነው፣ ዜማም ነው። እየመታህ ዜማ ታወጣለህ። መቺ ሆኖ ዜማ ለመድረስ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተመቸ መሣሪያ አላውቅም።

በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው የድንጋይ ደወል ነው። በጥንት ገዳማት ቅጥር ውስጥ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተንጠልጥለው በትንሽ ድንጋይ ሲመቱ የጠራ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ምእመናንን የሚጠሩት በዚያ ነው። ሙላቱ ደወል ብሎ የሰየመው አንድ ድርሰት አለው። ያንን ድርሰት ከማኅሌት ማግስት ብትሰሙት ከየት እንደተነሣ ማንም ሳይነግራችሁ ትደርሱበታላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ትምህርቱን ጨርሶ ኒው ዮርክ ሲገባ በዚያች ከተማ የላቲን ሙዚቃ የሚጋልብበት ዘመን ነበር። የኢትዮጵያ ኩዊንቴት የሚል ባንድ አቋቋመ፤ አብረውት ከተጫወቱት ውስጥ የፖርቶ ሪኮ ልጆች ነበሩበት። በ1966 አፍሮ ላቲን ሶል የተባሉትን ሁለት አልበሞች አወጣ። ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር። በእነዚህ ሥራዎች ላይ ፍርዴን ልስጥ፤ ምቱ የኩባና የፖርቶ ሪኮ ነው፣ ቤቱም የእነሱ ነው፣ የኢትዮጵያ ዜማ በእንግድነት ነው የገባው። ሙከራው ግን ተራ አልነበረም። ሁለቱ ለምን እንደሚገጥሙ ስሙ።

እስቲ አብረን እንሞክር። እስከ ስድስት በእኩል ፍጥነት ቁጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። በአንዱና በአራቱ ላይ ጉልበታችሁን በቀኝ እጃችሁ ምቱ። ሳታቋርጡ ድገሙት። አሁን በግራ እጃችሁ በአንዱ፣ በሦስቱና በአምስቱ ላይ ምቱ። ቀኙ ሁለት ጊዜ ሲመታ ግራው ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ሁለቱም በአንዱ ላይ ይገናኛሉ። መጀመሪያ እጃችሁ ይሳሳታል፤ አትቸኩሉ።

(ድራም በስድስት ቁጥር ምት ለጥቂት ጊዜ ይሰማል።)

ይህ ሁለትን በሦስት ላይ የመደረብ ነገር ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥቶ በባርነት ከተጋዙት ሰዎች ጋር ወደ ኩባ የሄደው ምት መሠረት ነው። ጭክጭካ የምንለው የእኛ ምትም በዚሁ በስድስቱ ላይ የቆመ ነው፤ ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር እያለ ይሄዳል። ኮንጋ መቺው የፖርቶ ሪኮ ልጅና እስክስታ የሚያውቀው ኢትዮጵያዊ ቋንቋ ሳይገባቡ በምት የሚግባቡት ለዚህ ነው። ሙላቱ ይህን ያወቀው እጁ ላይ ነው። መቺ ባይሆን ኖሮ በወረቀት ላይ ብቻ አይቶ ይደርስበት ነበር ብዬ አላስብም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ያን ጊዜ የከተማዋ ዘመናዊ ሙዚቃ በአብዛኛው በመንግሥት ተቋማት ኦርኬስትራዎች እጅ ነበር፤ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የሀገር ፍቅርም ጭምር። ከአርመን ቤተሰብ የተወለዱት እነ ነርሲስ ናልባንዲያን የአበሻን ዜማ ለትንፋሽ መሣሪያዎች የማቀናበሩን መንገድ ጠርገው ነበር። በ1969 ደግሞ አምኃ እሸቴ የሚባል ወጣት የራሱን ሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። የሸክላ ሥራ ለአንድ መንግሥታዊ ተቋም ብቻ የተፈቀደ ስለነበር ይህ ድፍረት ነበር። ዛሬ ወርቃማ ዘመን እያልን የምናወሳው ሙዚቃ ያለ እሱ ድፍረት እኩሌታው ሳይቀረፅ ይቀር ነበር።

ሙላቱ ኮንጋውንና ቫይብራፎኑን ይዞ እዚህ ዓለም ውስጥ ገባ። በዚህ ጊዜ የሠራው ሥራ ነው ከዛሬው ርእሳችን ጋር በይበልጥ የሚገናኘው። ለጥላሁን ገሠሠ፣ ለምኒልክ ወስናቸው፣ ለሰይፉ ዮሐንስ፣ ለሙሉቀን መለሰ ከኋላ ሆኖ ሠርቷል። ሰው የሚያስታውሰው የእነሱን ድምፅ ነው፤ ይገባቸዋልም። የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ያስገባው፣ ባሱን የመራው፣ የፒያኖውንና የኮንጋውን ቦታ የለየው እጅ ግን የአቀናባሪው ነው። አዲሱ ድምፅ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም አላስደሰተም፤ ሙላቱ ራሱ በቃለ መጠይቆቹ ይህን ተናግሯል። በ1972 ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ የተባለውን አልበም ኒው ዮርክ ውስጥ ቀረፀ። ኩሉን ማን ኳለሽ የሚለውን የሠርግ ዜማችንን ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ ያሰማው በዚህ አልበም ነው። በ1966 እንግዳ የነበረው የኢትዮጵያ ዜማ በ1972 የቤቱ ባለቤት ሆኗል። የኢትዮጵያን ዜማ ከጃዝ ጋር ያዋሃደው ኢትዮ ጃዝ በእርግጥ ተወለደ የምለው እኔ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ፤ ምክንያቱም የቅንብሩ ጭንቅ ያለው በቅኝቱ ውስጥ ነው። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸው የእናንተው ቦታ ስም ነው። ትዝታና አንቺ ሆዬም ከወሎ አዝማሪ ማሲንቆና ክራር ተለይተው አይታዩም። በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን በየመድረኩ ያሰማቸው፣ ማሪቱ ለገሰ በአምባሰሏ አገር ያስለቀሰችባቸው ቅኝቶች እነዚህ ናቸው።

እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ አለው። የአውሮፓ ሙዚቃ በሰባት ድምፅ ዜማ ይሠራል፤ ፒያኖ ላይ ደግሞ በጠቅላላው አሥራ ሁለት የተለያዩ ድምፆች አሉ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብላችሁ ብታዜሙ ትዝታ ነው። ሚንና ላን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብታደርጓቸው ሐዘኑ ጠለቅ ያለው ሁለተኛው የትዝታ ዓይነት ይመጣል። አሁን የምነግራችሁን በክራር ላይ ሞክሩት። ያንኑ ሁለተኛውን ትዝታ ቃኝታችሁ አንድም ክር ሳትነኩ ዜማችሁን ዶ ላይ ማሳረፉን ትታችሁ ሶል ላይ አሳርፉት። አምባሰል ይሆናል! አምስቱ ድምፆች እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ማረፊያው ብቻ ነው።

(ክራር፦ መጀመሪያ ትዝታ፣ ቀጥሎ ክሩ ሳይነካ አምባሰል።)

ይህን ከያዛችሁ አንድ አቀናባሪ የሚገጥመውን ችግር ታያላችሁ። የአምባሰል ሕይወቱ ማረፊያው ላይ ነው። የአውሮፓ ስምምነት ማለትም ብዙ ድምፆችን በአንድ ላይ የማሰማቱ ጥበብ ከሥር ሲገባ ባሱ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ባሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጆሯችን ማረፊያው የተለወጠ ይመስለዋል። ባስ ተጫዋቹ አንድ ድምፅ ሲስት ዘፋኙ አምባሰል እየዘፈነ አድማጩ ትዝታ ይሰማል። ሌላም አደጋ አለ። ከአሥራ ሁለቱ ድምፆች በቅኝቱ ውስጥ የሌሉትን እንዳሻ መጨመር ቅኝቱን ያደበዝዘዋል። በስልሳዎቹና ከዚያም በኋላ በዚህ መንገድ የተበላሹ ጥሩ ዜማዎች አሉ፤ ዛሬ በኪቦርድ ብቻ በሚሠሩ ዘፈኖች ደግሞ ችግሩ ብሷል ብዬ በግልጽ እናገራለሁ።

ሙላቱ ያገኘውን መፍትሔ እኔ እንደምሰማው እንዲህ ነው። ባሱን አጭርና ተደጋጋሚ ሐረግ ይሰጠውና ማረፊያው ላይ ያስረዋል። ድራሙና ኮንጋው ያንኑ ሐረግ አጥብቀው ይይዛሉ። ከሥር ያለው ክፍል በሙሉ ከቦታው ስለማይነቃነቅ ከላይ ሳክስፎኑ ወይም ቫይብራፎኑ በቅኝቱ ውስጥ በነፃነት ይንሸራሸራል። ከቅኝቱ ውጪ የሆኑት ድምፆች ሲገቡ በትንፋሽ መሣሪያዎቹ በኩል በአጭሩ ብቅ ብለው ይመለሳሉ። ይህ አስተሳሰብ የመቺ አስተሳሰብ ነው። ዜማ ብቻ የሚያስብ ሰው ዜማውን በማስጌጥ ይጀምራል፤ መቺ ግን መጀመሪያ መሬቱን ይደለድላል።

ሙላቱ ሊቅ አገኘሁ የሚለው በትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። በደቡብ የሚኖሩ የደራሼ ሕዝቦች በዋሽንቶቻቸው የሚያሰሙትን የድምፅ አደራደር የጃዝ ሊቃውንት ብዙ ከደከሙበት ጋር እያመሳሰለ ያነሳል። የቅዱስ ያሬድ ልጆች በመቋሚያ ማኅሌቱን መምራታቸውንም በአውሮፓ የኦርኬስትራ መሪ በዘንጉ ከሚሠራው ሥራ ጋር ደጋግሞ አገናኝቷል። ከእሱ ጋር በሁሉም ነጥብ መስማማት ግድ አይልም። መቋሚያ ጸሎትም ነው፣ ምርኩዝም ነው፤ ሥራው ከመምራት ይሰፋል። ነገር ግን የገጠሩን ሙዚቀኛ እንደ ተመራማሪ የሚያይ ምሁር ማግኘታችን ትልቅ ነገር ነው።

በ1973 ታላቁ የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጣ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ሽልማት ተቀበለ። ሙላቱ አጠገቡ ነበር፤ አብረውም መድረክ ላይ ታይተዋል። በተከታዩ ዓመት የካቲት የሚል ስም የያዘው የኢትዮ ጃዝ አልበሙ በአምኃ ሪከርድስ ወጣ። ያ ዓመት አብዮቱ የፈነዳበት ነው። አምኃ በ1975 አገር ለቆ ወጣ። የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አቆመው፤ ሌሊቱ ሲዘጋ ደግሞ በየክበቡ እየተጫወተ የሚያድረው አጃቢ ከሁሉም ቀድሞ እንጀራው ተነካ። ብዙዎች ተሰደዱ። ሙላቱ ቆየ፤ ሲያስተምርና ሲሠራ ኖረ፤ በዓለም ላይ ግን ስሙን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ በ1998 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ሥራ አራተኛው አልበም ሙሉ በሙሉ ለሙላቱ ሙዚቃ ተሰጠ። በ2004 ኢይዘር ኦርኬስትራ የተባለው የአሜሪካ ባንድ አዲስ አበባ መጥቶ ከእሱ ጋር ተጫወተ። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የተባለው የፊልም ሰው ብሮክን ፍላወርስ በሚለው ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሙዚቃ አስገባ። በፊልሙ ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ መኪናውን እየነዳ የሚሰማው ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ የሰጠውን የሙላቱን ሙዚቃ ነው። ቅኝታችንን ሰምቶ የማያውቅ ስንት ሰው በዚያ መኪና ውስጥ ሰማው። በ2010 ደግሞ ናስና ዴሚያን ማርሌ የሚባሉት ዘፋኞች የግሌ ትዝታ ከተባለው ድርሰቱ ቀንጭበው የራሳቸውን ዘፈን ሠሩበት።

በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ራድክሊፍ ተቋም ተመራማሪ ሆኖ በቅዱስ ያሬድ ላይ የተመሠረተ ኦፔራ ሲጽፍ ቆየ። ክራር የዘመኑን ሙዚቃ ድምፆች በሙሉ እንዲጫወት ለማድረግም ሠርቷል። በ2009 ለንደን ውስጥ ሄሊዮሴንትሪክስ ከተባሉ ወጣቶች ጋር የቀረፀው አልበም ወጣ። በዕድሜ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ሙዚቀኞች መሐል ቆሞ ብረቱን ሲመታ ስትሰሙት ጎልቶ ለመታየት አይሽቀዳደምም። ድራመሩ ሲያይል እሱ ይቀንሳል። ከወጣትነቱ ጀምሮ የያዘው የአጃቢነት ጨዋነት በስድሳዎቹ ዕድሜውም አብሮት አለ። በ2012 በርክሊ፣ ያ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ የነበረበት ትምህርት ቤት፣ የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

አሁን በአቀስታና በመካነ ሰላም፣ በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ውስጥ ላላችሁ ወጣት መቺዎች በቀጥታ ልናገር። የሙላቱን ስም ዓለም ያወቀው ድርሰቶቹ ላይ ስሙ ስለተጻፈ ነው። ከእሱ ጋር የተጫወቱ፣ ከእሱ በፊትም የወሎን ቅኝት በክራርና በማሲንቆ ጠብቀው ያቆዩ እጅግ ብዙ ሰዎች ግን ስማቸው የትም አልተጻፈም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሊስተካከልም የሚችል ነው። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፣ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው። አዋጁ የግጥሙንና የዜማውን ደራሲ ብቻ ሳይሆን ሥራውን የሚጫወተውን ከያኒም ይጠብቃል። የከያኒው መብት የሚቆየው 50 ዓመት ነው። ስለዚህ ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት ውል በጽሑፍ ይሁን። ምን እንደተጫወታችሁ፣ ዜማው ወይም ቅንብሩ ላይ ድርሻ ካላችሁ ምን እንደሆነ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ ይስፈር። ስማችሁም ከሥራው ጋር እንዲጻፍ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

የትምህርት ቤት መምህራን ደግሞ ይህን ብታደርጉ ደስ ይለኛል። በአካባቢያችሁ ያሉትን ከበሮ መቺዎች፣ ድቤ መቺዎችና ክራር ደርዳሪዎች ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በስልካችሁ ቅረፁ። የመቺውን ስም፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የትኛው ቅኝት እንደሆነ ጻፉበት። ማኅሌቱንና መንዙማውን ግን ከካህናቱና ከሼሆቹ ፈቃድ ሳታገኙ አትቅረፁ፤ እነሱ የአምልኮ ናቸው። የአካባቢያችሁ ልጅ አሥር ዓመት ቆይቶ አቀናባሪ መሆን ቢፈልግ መጀመሪያ የሚያጠናው ይህንን ነው።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ማሲንቆ አሠራርና ስለ ፈረስ ጭራው ክር እንነጋገራለን። ጥያቄ ያላችሁ በጽሑፍ ላኩልን።

አሁን የሙላቱን ደወል እናሰማችኋለን። መጀመሪያ ባሱን ብቻ ተከተሉ፤ የሚደጋገመውን ሐረግ ያዙና ማረፊያውን በጉሮሯችሁ አዚሙት። ከዚያ ጆሯችሁን ወደ ኮንጋውና ወደ ድራሙ አዙሩ፤ ምቱን በጉልበታችሁ ላይ ለመያዝ ሞክሩ። ቫይብራፎኑን መጨረሻ ላይ ተዉት። መሰማት ሲጀምር ሥሩ ላይ ያሉትን ሰዎች ቀድማችሁ ታውቋቸዋላችሁ።

(ሙዚቃው ይገባል፤ እስከ መጨረሻው ይሰማል።)